እትዬ አስካለ የሾሟቸው የእንግሊዝ ነገሥታት

«ንግሥቲቱ አረፉ» የሚል የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ ሳገኝ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያዘንኩት ለእንግሊዞች ነበር። ሥራ ቦታ ነኝ፤ ምሳ ሰዓት ነው። የዕረፍት ክፍላችንን ቴሌቪዥን ብከፍት አንድ ሰውዬ የዱባ ሾርባ አሠራር ያስተምራል። ጣቢያ ብቀይር የመኪና ኢንሹራንስ ነው። ንግሥት የሞተችበት ዓለም እንዲህ አይረጋጋም ብዬ መልእክቱን ደግሜ ሳዳምጠው የድሮ ሊቀመንበራችንን የአቶ ብርሃኑን ድምፅ ለየሁት። ያኔ ገባኝና ቁጭ አልኩ። ያረፉት የእኛዋ ናቸው። የዊተኗ። እትዬ አስካለ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኗል። የሚያለቅስ መስሎኝ እኔም ፊቴን አሰናዳሁ። ለካ የሚስቁ ናቸው። አንዱ ጥግ ላይ «ውሻዋን ታስታውሳላችሁ?» አለና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከሩቅ የመጡ አንዲት ሴትዮ፣ «ምነው እናንተ! ገና አልተቀበሩም እኮ!» ብለው ተቆጡ። አቶ ብርሃኑ ዐይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፤ እርስዎ ስላላወቋቸው ነው» አሏቸው። ስለ እሳቸው ስጽፍ ቀልድ ቀልድ ቢለኝ እናንተም ይቅር በሉኝ፤ ሌላ አጻጻፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከዋሽንግተን ወጣ ብላ ባለችው ዊተን ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነበረቻቸው። አጠር ብለው ሞላ ያሉ፣ አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር እንደ ሐብል የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ሲሠሩ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይይዟቸዋል፤ እንደዚያ ሆነው ያወሩ ነበር፤ ለምደነው እንሰማቸዋለን። መሳቅ ሲፈልጉ ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ የስፒል መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰክተው፣ ከዚያ ነው የሚስቁት። አንድ ቀልድ ነግራችኋቸው ሳቁ እስኪመጣ ቆማችሁ መጠበቅ ነበረባችሁ። ሲመጣ ግን የጎረቤቱ ዳቦ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ ወጥተው ያያሉ።

እኔ የባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ሱቃቸው የገባሁት የሥራ ቀሚሴን ላሳጥር ነው። እትዬ አስካለ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለች ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ይሄ ንጉሥ የትኛው ነው?»

አየሁ። አንድ ሽበታም ሰው ሹራብ ለብሶ ለሁለት እግረ አጫጭር ውሾች ምግብ ይሰጣል። አጠገቡ የቆመው አሽከር «ግርማዊነትዎ» ይለዋል።

«እንዲህ የሚባል ንጉሥ የለም እትዬ። ድራማ ነው። ፈጥረውት ነው።»

ስፒሎቹን ማውጣት ጀመሩ። «የማንን ንጉሥ ነው የፈጠሩት?»

«የእንግሊዝን።»

«እንግሊዝ ንግሥት የላትም እንዴ?»

«አላት።»

«እሷ እያለች?»

«እሷ እያለች።»

«እና አላሰሯቸውም?»

«ማን ያስራቸዋል? እንዲያውም ይሸልሟቸዋል።»

ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «እኛ አገር ቤተ መንግሥት ለመገልበጥ ስንቱ ጫካ ገባ! እነዚህ ቁጭ ብለው፣ ሻይ እየጠጡ፣ በእርሳስ ገለበጡት?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ነው የወደድኳቸው። ቀሚሴን ሲቆርጡ ዐይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ስለነበር ከታሰበው በላይ አጠረ፤ ያን በጋ በሙሉ ከባንኩ ጠረጴዛ ጀርባ ሳልወጣ ነው የሠራሁት። ግን ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያም ሁልጊዜ እሄድ ነበር።

በሄድኩ ቁጥር አዲስ ነገር ደርሰውበት ይጠብቁኛል። የተፈጠሩ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚወጡበትን ድራማ ሁሉ፣ አዲሱንም የተደገመውንም፣ እየተከታተሉ ነበር። «ተመልከቺ» ይሉኛል በመቀስ እያመለከቱ፣ «ቤተ መንግሥቱን አያሳዩሽም። በሩን ነው የሚያሳዩሽ። በር፣ ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ አንድ ሳሎን። የቀረውን ራስሽ ትሠሪያለሽ፤ ያውም በነጻ!» ሌላ ቀን ደግሞ ስሙን ያጠናሉ፦ «ዙፋን ላይ ወጥቶ የማያውቅ ስም ይፈልጋሉ። ዘመኑንም አይናገሩም። ብልጦች ናቸው፤ የሌለ ሰው አይከስም!» ቤተሰቡንም ደርሰውበታል። ንጉሡ ደግ ከሆነ ልጁ ዋልጌ ነው፤ ንግሥቲቱ ኮስታራ ከሆነች እህቷ መጠጥ ትወዳለች፤ አሽከሩ ግን ሁሌም አስተዋይ ነው። «አሽከር የማያስተውልበት ቤተ መንግሥት አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል፣ እኔ ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት ስዞር የኖርኩ ይመስል።

አንድ ነገር ብቻ ይቅር አላሉም፤ ሹራቡን። «ዘውድ ያለው ሰው ሹራብ! ሹራብማ እኔም አለኝ።»

በዚያን ጊዜ እኔ በትርፍ ጊዜዬ ካሜራ እይዝ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሕዝብ በነጻ የሚሰጥ የኬብል ጣቢያ ነበር፤ እዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም ነበረን። የኮሚቴው ሊቀመንበር እነዚሁ አቶ ብርሃኑ ናቸው፤ የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር፣ ደግ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን የሚደነግጡ ሰው። ለመደንገጥ ምክንያት ነበራቸው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ባላባት ዶሮ ሲበላ የሚታይበት አጭር ድራማ አቅርበን፣ ግማሹ ተመልካች «አባቶቻችንን ሰደባችሁ» ብሎ ኮል አደረገ፣ ግማሹ «ባላባት አሞገሳችሁ» ብሎ ኮል አደረገ። ያመሰገነን ዶሮውን የበላው ተዋናይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድራማ ተከለከለ። የበዓል መልካም ምኞትና የአየር ሁኔታ ብቻ ሆነ ሥራችን።

ይህን ለእትዬ አስካለ ሳጫውታቸው ስፒሎቹን አወጡ፤ ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከተፍ አሉ።

«አቶ ብርሃኑ፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝባችን ውስጥ የእንግሊዝ ንጉሥ ዘመድ ያውቃሉ?»

«እ… እኔ እስከማውቀው የለም።»

«የእንግሊዝን ዙፋን የሚፈልግ ፓርቲስ አለ?»

አቶ ብርሃኑ አሰቡ። በዚያን ዘመን ዋሽንግተን አካባቢ የነበረውን የፓርቲያችንን ብዛት የሚያውቅ ሰው ማሰባቸውን አይነቅፍም። «ያለ አይመስለኝም» አሉ።

«እንግዲያስ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ እንሠራለን። በአማርኛ። ማን ይቆጣል? የሌለ ሰው አይከስም!»

እንዲህ ሆኖ ነው እንግሊዝ በእኛ እጅ የወደቀችው።

ንጉሥ ሮድሪክን የሚሠራው አቶ ግዛው ሆነ፤ ድምፁ ከታክሲው ሞተር የሚበልጥ፣ ጨዋታ አዋቂ ሾፌር። እትዬ አስካለ ደራሲም፣ ልብስ ሰፊም፣ የንጉሡ እህት ልዕልት ዊኒፍሬድም ሆኑ። አቶ ብርሃኑ ክፉ ቃል እንዳይነገር ለመጠበቅ ከስቱዲዮው አልወጣም ስላሉ፣ «ካልቀረ የቤተ መንግሥቱ አሽከር ይሁኑ፤ ዝም ብለው ማስተዋል ነው» ተባሉ። ዘውዱ መሐሉ ክፍት ከሆነ የኬክ መጋገሪያ በወርቅማ ቀለም ተሠራ። ካባው ከአሮጌ መጋረጃ ወጣ፤ አንገቱ ላይ ጥጥ ተሰፍቶ፣ ጥጡ ላይ ጥቁር ክር ጣል ጣል ተደርጎ፣ እውነተኛ የንጉሥ ካባ ጠጉር መሰለ። በሩ የስቱዲዮው ዕቃ ቤት በር ነው። ደረጃው የእኔ አፓርትመንት ደረጃ ነው። ንጉሡ በግርማ ሲወርዱ አንዲት ጎረቤቴ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ስትወጣ ካሜራው ያዛት። «ልቁረጠው?» ስላቸው እትዬ አስካለ፣ «ተያት! የቤተ መንግሥቱ ልብስ አጣቢ ናት» አሉ። ሴትየዋ ለወራት «ቤተ መንግሥት እንዴት ነው?» እየተባለች ኖራለች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬም አልገባትም።

ስሙም አስቸገረ። አቶ ግዛው «ዊኒፍሬድ» የሚለው አልወጣልህ አለው። ቢሞክር ቢሞክር «ልዕልት ወይን ፍሬ ሆይ!» ሆነ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥለው ቀስ ብለው ቀመሱት፤ «ወይን ፍሬ… ይሁን፣ ይጣፍጣል» አሉ። በድራማው ወይን ፍሬ ሆነው ቀሩ። ሕዝቡ ደግሞ ልዕልት ማለት ሰልችቶት ንግሥት አደረጋቸው።

ከሁሉ የከፋችው ውሻዋ ነች። እትዬ አስካለ ያለ ውሻ የእንግሊዝ ንጉሥ የለም ብለው ሙጭጭ አሉ። ከአንዲት ደንበኛቸው እግረ አጭር ውሻ ተዋሱ። አቶ ግዛው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻ ይፈራል። ውሻዋ ካባው ላይ ያለውን ጥጥ ማሽተት ስትጀምር ንጉሡ ከነዘውዱ ወንበር ላይ ወጣ። እዚያው ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ፣ «ይቺን ያዙልኝ! ከያዛችሁልኝ አገሪቱን እገዛለሁ!» አለ። ከሳቄ ብዛት ካሜራው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያ ክፍል ሲተላለፍ እንግሊዝ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ያለ ይመስል ነበር።

ሕዝቡ አበደ። እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ምግብ ቤቶች ቴሌቪዥናቸውን ወደ እኛ ያዞሩ ጀመር። ደስታችን ግን አልሰነበተም፤ ሕዝቡ ድራማውን እንደ ቅኔ መፍታት ጀመረ። ንጉሥ ሮድሪክ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሁሉም ግን ለየቅል ነው። ግራው ቀኙን ነው ይላል፣ ቀኙ ግራውን። አንዱ ኮል አድርጎ፣ «ውሻዋ እኛን ለማለት ነው አይደል?» ብሎ አለቀሰብን። ሌላው አቶ ብርሃኑን፣ «ያ አሽከር ሊቀመንበሩን ለመንካት የገባ ነው» አላቸው።

«ሊቀመንበሩ እኔው ነኝ እኮ» አሉ አቶ ብርሃኑ።

«የእናንተን ሊቀመንበር ማን አለ! የፓርቲያችንን ነው የምልዎት!»

አንድ ቅዳሜ አቶ ግዛው ዘውዱን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ በቃኝ። ታክሲ ተራ ላይ ሁለቱም ወገን አኩርፎኛል። አንዱ ቢያኮርፈኝ ከሌላው ጋር ምሳ እበላ ነበር። አሁን ብቻዬን መኪና ውስጥ ነው የምበላው» አለ። ዘውዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አቶ ብርሃኑ ወደ አየር ሁኔታችን ብንመለስስ አሉ፤ ለእሳቸው የአየር ሁኔታ የተባረከ ነገር ነበር። እትዬ አስካለ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈረንጆቹ የንጉሡ ተዋናይ ሲሄድባቸው ምን ያደርጋሉ?»

«ንጉሡን ይገድሉታል።»

«እንግዲያስ ነፍስ ይማር። ታላቅ ወንድሙ ከስኮትላንድ ይመጣል። ከቤተሰቡ ተኳርፎ የኖረ ልዑል፤ ሂዩበርት እንበለው። ማንም የማያስፈራራው፣ ግርማ ያለው ሰው ፈልጉልኝ።»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። በመጨረሻ አቶ ብርሃኑ፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ የሚጸልዩ በሚመስል አነጋገር፣ «ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ… ጋሽ ደምሴ አሉ» አሉ።

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

ጋሽ ደምሴ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓቸው፣ ያስተማሯቸው፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ያመጧቸው እሳቸው ነበሩ። ታዲያ አገር ቤት መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ አሌክሳንድሪያ በጋሽ ደምሴ ሳሎን ተቀምጠው ዜና ሲያዩ፣ አንደኛቸው ባለቀሱበት ዜና ሌላኛቸው እልል አሉበት። ማን አለቀሰ፣ ማን እልል አለ የሚለውን አልነግራችሁም፤ እናንተም ወገን ይዛችሁ ትጣላላችሁ። ጋሽ ደምሴ በሩን ከፍተው፣ «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ» አሉ። እህታቸውም ተመልሰው አልሄዱም። ሰርግ ላይ አንዱ ካለ ሌላው ይቀራል፤ ዘመድ ግብዣ በጠራ ቁጥር ማንን ልጥራ እያለ ይጨነቅ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ሁሉም ነገር ሲያወሩ ስለ ወንድማቸው አንድም ቀን አልሰማኋቸውም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሱቅ ስሄድ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ፣ «ኮሚቴው ከፈለገ ሰው ይላክ፤ እኔን ምን አገባኝ» አሉኝ። ኮሚቴው የላከው እኔን ነበር።

ጋሽ ደምሴ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነጂ ነበሩ። ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ ትከሻቸው እንደ በር። አውቶብሳቸው ውስጥ የፈረንጅ ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር አሉ። ሳሎናቸው አስገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ማነው የላከሽ?»

«ኮሚቴው ነው ጋሼ።»

«ኮሚቴው አጭር ነው ረጅም?»

«ኮሚቴ ነው» አልኩ።

ጢማቸውን አሻሹ። «አይቼዋለሁ ድራማችሁን። ያ ንጉሥ አይረባም። ንጉሥ ከውሻ ሸሽቶ ወንበር ላይ አይወጣም። ውሻዋ ናት ወንበር ላይ መውጣት የነበረባት።» ቀጥለውም መስኮቱን እያዩ፣ «ልዕልቲቱ ደግሞ ከስታለች» አሉ።

እሺ አሉ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። «የተጻፈልኝን እናገራለሁ። ከተጻፈው ሌላ አንዲት ቃል አልጨምርም። እሷም እንዳታናግረኝ።»

ሄጄ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። «እሱስ የተጻፈለትን በወጉ ይበል!» አሉ። ትንሽ ሰፉ። «ሌላስ ምን አለ?»

«ልዕልቲቱ ከስታለች አሉ።»

በአፋቸው አንድም ስፒል አልነበረም፤ እጃቸው ግን ሊያወጣ ወደ ከንፈራቸው ሄደ።

ልምምዱ መከራ ነበር፤ ግን ምን ያለ መከራ! ካባ የሚለካው ሰውነት ላይ ነው፤ እትዬ አስካለ የወንድማቸውን ትከሻ ለመለካት ወንበር ላይ ወጥተዋል፤ አይነጋገሩም። መልእክተኛዋ እኔ ነኝ።

«ንጉሡ እጃቸውን ያንሡ በያቸው።»

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡ።»

«ልዕልቲቱ በስፒል እየወጉኝ ነው በያት።»

«እትዬ፣ እየወጓቸው ነው።»

«ሆን ብዬ ነው በይው።»

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው።»

«ሰምቻለሁ! አጠገቤ አይደለችም እንዴ?» ብለው ጮኹ። አቶ ብርሃኑ ሮጠው ወጡ፤ ስልክ የጮኸ መስሏቸው ነው።

የቀረጻው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስቱዲዮውን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጡን፤ ከእኛ ቀጥሎ ስለ ቲማቲም ተከላ የሚያስተምሩ ሽማግሌ በር ላይ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ባንድ ትንፋሽ፣ ሳይቋረጥ ይቀረጻል። ትዕይንቱ እንዲህ ነው፦ ልዑል ሂዩበርት ከስኮትላንድ ገብቶ ዙፋን ላይ ይቀመጣል። ልዕልቲቱ ተንበርክካ «እንኳን ደህና መጡ ግርማዊነትዎ» ትላለች። እሱ «ተነሺ ልዕልት» ይላል። ከዚያ ዘውዱን ትደፋለታለች። ይኸው ነው።

ጋሽ ደምሴ በዕቃ ቤቱ በር ሲገቡ በካሜራው ውስጥ እያየሁ ጠጉሬ ቆመ። መጋረጃ መሆኑን የማውቀው መጋረጃ ካባ ሆነ። ውሻዋ እንኳ ቁጭ አለች። ዙፋኑ ላይ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ኬክ መጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ፤ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ በአንድ በኩል እየተዘነበሉ ተንበረከኩ።

«እንኳን ደህና መጡ ግርማዊነትዎ።»

ጋሽ ደምሴ አዩዋቸው። ቃሉ ጠፋቸው መሰለኝና አቶ ብርሃኑ ከጀርባ «ተነሺ ልዕልት» ብለው በሹክሹክታ አስታወሷቸው። አልሰሙም።

«አስኩ» አሉ። «ተነሺ። ጉልበትሽን ያምሻል።»

እትዬ አስካለ ቀና አላሉም። ከተሰጣቸው ቦታም ንቅንቅ አላሉም። «ግርማዊነትዎ፣ በዚህ ቤተ መንግሥት አስኩ የምትባል የለችም።»

«ነበረች» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ያባረርኳት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ በር ከፍቼ።»

«በሩ እስከ ዛሬ ተዘግቶ ነው የኖረው።»

«ቁልፉ ከውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌ ንጉሥ ነኝ፤ አፈርኩ።»

እትዬ አስካለ ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ጋሽ ደምሴ ከዙፋኑ ወርደው ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ዘውዱ ወደቀና እየተንከባለለ ሄደ። ውሻዋ አሳደደችው። በዚህ መሐል፣ በሕይወታቸው አንድም ቀን ደፍረው የማያውቁት አቶ ብርሃኑ፣ የሻይ ትሪያቸውን ይዘው ወደ ፊት ወጡና፣ «ግርማዊነትዎ፣ ሻይ ላምጣ ወይስ ላልቅስ?» አሉ።

ያኔ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሁለቱ ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ እትዬ አስካለ አፋቸው ውስጥ ምንም ስለሌለ ሳቁ ሳይጠብቅ መጣ። ቲማቲም አስተማሪው ሽማግሌ አንገታቸውን አስገብተው አማርኛ ሳይሰሙ እንባቸውን ጠረጉ።

ኮሚቴው እንዲያ ያለ ነገር አይተላለፍም፣ የቤት ጉዳይ ነው ብሎ ተከራከረ። እትዬ አስካለ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ይተላለፍ።» እሑድ ተላለፈ። እኛ ስልኩን ከበን ተቀመጥን። ስልኩ አልጮኸም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ማንንም አልፈታም። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ከሎረል ከተማ ኮል አደረጉ። አቶ ብርሃኑ አነሱ። ሴትየዋ፣ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን የእንግሊዝ ንጉሥ እህቱን አስኩ ብሎ አይጠራም፤ ይታረም» ብለው ዘጉ።

ንጉሥ ሂዩበርት ከዚያ በኋላ ደህና አድርገው ገዙ፤ እንዲያውም በጣም ገዙ። ንግግሬ አነሰ እያሉ በየሳምንቱ ከደራሲዋ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። አንድ ጊዜ አገሩን ለውጭ ወራሪ የሚሰጥ ውል እንዲፈርሙ ቢጻፍላቸው «አልፈርምም» ብለው ውሉን ቀረጻ ላይ ቀደዱት፤ ታሪኩም እዚያው ተለወጠ። ጣቢያው ፕሮግራማችንን በሌላ ሲተካ እንግሊዝም አብራ አበቃች። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ጋሽ ደምሴ ቀደሙ፣ እትዬ አስካለ ተከተሉ። ስለ እትዬ አስካለ ሳስብ ግን ሁሌ የሚመጣብኝ ድራማው ከተላለፈ በኋላ በነበረው እሑድ የሆነው ነው።

ከሥራ ኦፍ ነበርኩ፤ ደወሉልኝ። «ራይድ ትሰጪኛለሽ?»

«ወዴት ነው እትዬ?»

«አሌክሳንድሪያ።»

ድልድዩን ስንሻገር የቀሚሳቸውን ጠርዝ በጣታቸው ይሰፉት ነበር፤ ያለ ክር፣ ያለ መርፌ። ጭናቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ አለ። በሩ ላይ ስንደርስ ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እጃቸው ሞልቷል ብለው ነው፣ ዳቦው በአንድ እጅ የሚያዝ ቢሆንም።

ጋሽ ደምሴ በቤት ጫማና በሹራብ ሆነው ከፈቱ። ሁለቱ ቆመው ተያዩ። ካባ የለ፣ ዘውድ የለ፣ የሚያስታውስ አቶ ብርሃኑ የለ። እንዴት እንደሚጀመር የጻፈላቸው ሰው የለም። እኔ ደግሞ መሐላቸው ቆሜ ለማን ምን ልንገር እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ አስካለ ወንድማቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና፣ «ጋሼ፣ ምሳ በልተሃል?» አሉ።

«አልበላሁም።»

«ይሄን ሰዓት ድረስ? ምን ሆነህ ነው? ሞተህ ልታስቀብረኝ ነው?» ብለው ዳቦውን በእጃቸው ላይ ጥለው በአጠገባቸው አልፈው ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ወዲያው የድስት ድምፅ ተሰማ። «ይሄ ምንድነው? ይሄ ሽንኩርት ነው ወይስ መድኃኒት?» ሲሉ ሰማኋቸው። ጋሽ ደምሴ ዳቦውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተከተሏቸው። «የኔን ሽንኩርት አትንኪ! ለሳምንት ያስቀመጥኩት ነው!» «ለሳምንት የሚቀመጥ ሽንኩርት አይበላም፣ ይቀበራል!» «ድሮም እንዲህ ነሽ!» «ድሮም እንዲህ ነህ!»

እኔን ግቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። በሩን በራሴ ዘግቼ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጩኸታቸውን እየሰማሁ ብቻዬን እስኪጨልም ሳቅኩ።